ስልሳ አንድ ሺህ ጊዜ እኔ

እኔ በምኖርበት አገር ሰው ፎቶ አያይም፤ ያነባል። ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፎቶ ይዞ መንግሥት ቤት የሄደ ሰው የሚጠየቀው ፎቶው ላይ ምን እንደሚታይ ሳይሆን ፎቶው ሆድ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ነው። ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን አነሳው። ይህን ከምስሉ ጀርባ ተደብቆ የሚኖር ጽሑፍ ውጭ አገር የተማሩት ሜታዳታ ይሉታል፤ እኛ ሆድ እንለዋለን። ሆዱ ባዶ የሆነ ፎቶ በሕጋችን ፎቶ አይደለም። ሆዱ ከሞላ ግን፣ ላዩ ላይ የሚታየው የአንድ ሰው አውራ ጣት ብቻ ቢሆንም፣ ሠርግ ነው ካለ ሠርግ ነው።

ፎቶ የሚያነቡት ሹማምንት ሆድ አንባቢ ይባላሉ። የኮምፒውተራቸው ስክሪን ግማሹ፣ ምስሉ የሚወጣበት ወገን፣ በካርቶን ተሸፍኗል። ዓይን ሊያዳላ ይችላል ተብሎ ነው። አንድ ጊዜ የአንዱ አንባቢ ካርቶን በንፋስ ወደቀና ሰውየው ሳያስበው የአንዲት ሙሽራ ፊት አየ። ሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ተሰጠው።

እኔ ልሳኑ አጥናፉ እባላለሁ። በከተማችን ምስል ቤት የውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሥራዬ የሰዉን ፎቶ ሆድ መሙላት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ፎቶ አላየሁም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ እንግዳውም ቶሎ ይሄዳል።

ዝናዬ የመጣው እንዲህ ነው። ቀድሞ ጽሑፉ ፎቶው ሆድ ውስጥ አይገባም ነበር። በአንዲት ትንሽ ፋይል ይጻፍና ፋይሏ ከፎቶው ጎን ትቀመጣለች። ታዲያ ምስል ቤቱ ማሽን ሲቀይር ፎቶዎቹ ወደ አዲሱ ተገለበጡ፣ ትንንሾቹ ፋይሎች ግን አሮጌው ላይ ቀሩ። በአንድ ቅዳሜ የከተማው ሰው በሙሉ ስም አልባ ሆነ። ፋይሎቹ ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀ፤ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ማንንም አላገባም፣ ማንም ማንንም አልወለደም ነበር ማለት ነው። ያኔ በስብሰባ መሐል ተነሳሁና ጽሑፉ ፎቶው ውስጥ ይግባ፣ ፎቶው የሄደበት ሁሉ አብሮት ይሂድ አልኩ። ይህን ለማለት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሐሳቤ ተቀባይነት አገኘ፤ የምስክር ወረቀትና የሚሽከረከር ወንበር ተሸለምኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ ወንበሬን አንድ ዙር አዙሬ ነበር የምመልሰው።

ጥፋቱ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሠራተኞች ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የራሴን ጉርድ ፎቶ ሆድ እየሞላሁ ነበር። ስም፦ ልሳኑ አጥናፉ። ቦታ፦ የምስል ቤት ግቢ። ቀን፦ የዕለቱ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። መግለጫ፦ ትጉህ፣ ጠንቃቃና የተወደደ ሠራተኛ። መግለጫውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሦስት ጊዜ አሻሽዬዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ “የተወደደ” የሚለው አልነበረበትም።

ለካ ያን አንድ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የከተማውን ፎቶ በሙሉ መርጫለሁ። ስልሳ አንድ ሺህ ፎቶ። በማሽኑ አልፈርድም፤ እሱ ጠይቆኛል። “ለተመረጡት ሁሉ ይጻፍ? የነበረው ይጠፋል” ብሎ በቀይ ጽፏል። እኔ በዚያ ሰዓት ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ስለ ጥንቃቄ እያስተማርኩ ነበር። “ዋናው ነገር እህቴ፣ ከመጫንሽ በፊት ማንበብ ነው” እያልኩ ተጫንኩት።

ማሽኑ እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ። ፎቶዬ ጥራቱ ከፍተኛ ስለሆነ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማሽኑ “ሠርግ”፣ “የከብት ኤግዚቢሽን” የሚለውን የየፎቶውን ርእስ አልነካም፤ የቀረውን ሁሉ ግን በእኔ ተክቶታል። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። በከብት ኤግዚቢሽን አንደኛ ስለወጣሁ እንኳን ደስ ያለህ ይላል፤ ክብደቴም ተጽፏል። በማግስቱ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል መሆኔን ሰማሁ። ከዚያ ሰው በመንገድ እያስቆመ ሚስቱን እንዴት እንደያዝኩለት ይጠይቀኝ ጀመር፤ የአራት ሺህ ሠርግ ሙሽራ እኔ ነበርኩና። የአንዳንዱም ሙሽሪት እኔ ነበርኩ። የተናደደ ሰው አልነበረም። የተጻፈ ነገር ነው፤ ምን ብሎ ይናደዳል? የሆድ አንባቢዎቹ ብቻ “ልሳኑ ደግሞ የማይገባበት የለም” ይሉ ነበር አሉ።

ቀን ጠባቂው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ይህ ሹም ሥራው ሰው ሁሉ በተጻፈለት ሰዓት የተጻፈለት ቦታ መዋሉን መከታተል ነው። ቁጭ አለና መዝገቡን ገለጠ።

“ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በምስል ቤት ግቢ ስልሳ አንድ ሺህ ጊዜ ተገኝተዋል” አለኝ።

“እንዲህ ይላል?” አልኩ።

“ይላል። በመዝገባችን እንዲህ የተጋ ሰው የለም።” ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ “ለመሆኑ ሻይ የጠጡት መቼ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ወዲያው ወደ መንገሻ ሮጥኩ። መንገሻ የፎቶዎቹን ሁሉ ትርፍ ቅጂ የሚያኖር ባልደረባዬ ነው፤ በስንፍናው የታወቀ ነው፤ ተስፋ ያደረግሁትም ስንፍናውን ነበር። አሮጌው ቅጂ ካለ ሁሉም ነገር ይመለሳል። “አይዞህ” አለኝ፣ “ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉንም በአዲሱ ተካሁት።” በአሥር ዓመት ውስጥ ሥራውን በሰዓቱ የሠራው ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረኝ አንድ መንገድ ጥፋቴን ማመን ነበር። ሕጉን ግን ታውቁታላችሁ አልልም፣ ልንገራችሁ፦ ስሙን ያለ ቦታው ያስገባ ጸሐፊ፣ ስሙ ከየፎቶው ሆድ ሁሉ ይፋቃል። ከእውነተኞቹም ጭምር። እንዲህ የሆነ ሰው አልተወለደም፣ አልተማረም፣ ከእናቱ ጋር አልተቀመጠም። ፈራሁ። ደግሞ እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ በመጠኑ ደስ ብሎኝም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሠርግ እንኳ አላሳካሁም፤ አሁን አራት ሺህ ኖሩኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬንም ትዕግሥት ብዬ ጠራሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ከመቃብር ሹሙ ደብዳቤ መጣ። “ከአቶ ሽብሩ ጎን ያለው ባዶ ቦታ የእርስዎ መሆኑ ስለተረጋገጠ መጥተው እንዲለኩ” ይላል። በከተማችን ደንብ ከሟች ጎን የሚያርፈው በፎቶ ሆድ ውስጥ ከሟቹ ጋር የተጻፈው ሰው ነው፤ “ከአቶ ሽብሩ ጋር” በሚለው ርእስ ሥር ያለው ስም ደግሞ የእኔ ነበር። አቶ ሽብሩን በሕይወቴ አላየኋቸውም። ቢሆንም የመንግሥት ደብዳቤ ነውና ሄጄ ተለካሁ። ሳሩ ላይ ተጋደምኩ፤ ሹሙ ሜትሩን ዘረጋና “ቦታው ይተርፍዎታል” አለኝ። አመስግኜው ተመለስኩ።

በማግስቱ አንዲት እናት በዘንግ ተደግፈው ቢሮዬ ገቡ። ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሁለት ጊዜ አረፉ። እማማ ወርቅያንጥፉ ይባላሉ።

“ልሳኑ የምትባለው አንተ ነህ ልጄ?” አሉኝ።

“አዎ እማማ።”

“ሽብሩ ጎን የምትተኛው?”

“እንዲህ ይላል” አልኩ።

“ባለቤቴ ነው” አሉ። “ያንኮራፋል። ይህን ሳትሰማ እንዳትገባ ብዬ ነው የመጣሁት።” ትንሽ ተነፈሱ። “እኔማ ለምጄዋለሁ። አርባ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከሞተ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።”

ከዚያ ነገሩን በዝርዝር ነገሩኝ። ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገሩም ብሏቸዋል። እሳቸውም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከባላቸው ጎን መሆን። ሁለቱ አብረው የተነሱት አንድ ፎቶ ብቻ አለ፤ ይዘው ሆድ አንባቢው ዘንድ ሄዱ፤ አንባቢውም ካርቶኑን እንደያዘ አነበበና “እዚህ ውስጥ እርስዎ የሉም፤ ልሳኑ የሚባል ትጉህ ሰው ነው ያለው” አላቸው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ከቦርሳቸው አወጡና ወደ እኔ ዘረጉ።

“እየው እስቲ” አሉኝ።

በልማድ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው እጃቸውን አልመለሱም። አፈርኩና አየሁ። አውቶቡስ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተዋል። ሴትየዋ የሰውየውን ባርኔጣ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

“ሊያስነጥሰው ሲል ነው” አሉ እማማ። “አንሺው ይለፍለት ብሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ አላስነጥስ አለው። ተስፋ ቆርጦ ሲያነሳን አስነጠሰ። አውቶቡሱም ጥሎን ሄደ።”

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት እንደዚህ ያለ ነገር በእጄ እንዳለፈ አሰብኩ። ቢሆንም አፌ የለመደውን ነው የተናገረው።

“ትንሽ የቴክኒክ ችግር አጋጥሞ ነው እማማ።”

“ችግሩ ስም አለው?”

“አለው።”

“ማን ይባላል?”

“ልሳኑ” አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። “ታስተካክለዋለህ?” ብቻ አሉኝ።

“በኮሚቴ መታየት አለበት።”

“ኮሚቴ የምጠብቅበት ሳንባ የለኝም ልጄ” አሉና ዘንጋቸውን ፈለጉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የምስል ቤታችን የበላይ ወደሆኑት ወደ ሊቀ ምስል ገባሁ። ልናዘዝ ነበር የገባሁት። ስወጣ ግን አልተናዘዝኩም ነበር። “አንድ ሰው፣ ማንም ሊሆን ይችላል፣ የፎቶ ሆድ ቢያበላሽ እንዴት ይታረማል?” ብዬ ጠየቅሁ። ሊቀ ምስል ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል። የተበላሸ ሆድ የሚታረመው ሌላ ስም የሚል ሆድ ያለው ፎቶ በማስረጃነት ሲቀርብ ነው። በከተማው ያለው ፎቶ ሁሉ ልሳኑ ነው የሚለው። “አንባቢው አንድ ጊዜ ምስሉን ቢያየውስ?” አልኩ። ሊቀ ምስል ተነስተው በሩን ዘጉና አሞኝ እንደሆነ በርኅራኄ ጠየቁኝ። ትንሽ ራስ ምታት አለኝ ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን አንድ መላ መጣልኝ፤ በመላዬም በጣም ተደሰትኩ። እማማ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ቦታው የእኔ ነው። ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም፤ ባለቦታው ራሱ ሲሞት ግን ይገባበታል። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ የቀብሩን ፎቶ የማነሳው እኔ፣ ሆዱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ሟች፦ ልሳኑ አጥናፉ ብዬ እጽፋለሁ። ሬሳውን የሚያይ ሹም የለም።

“እኔ በአንተ ስም ልቀበር?” አሉ።

“አዎ።”

“እንግዲያው አንተ ሞትክ ማለት ነው።”

“ለእርስዎ ስል” አልኩ፤ ስናገር ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። በፎቶ የሞተ ሰው ቢያንስ ኖሮ የሞተ ነው። ያመነ ሰው ግን ኖሮም አያውቅም። ከሁለቱ ቀላሉን ነበር የመረጥኩት።

“ሽብሩ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም” አሉ እማማ። “አንቺ ነበር የሚለኝ። ለእሱ ግድ የለም፤ በትንፋሼ ያውቀኛል። ብቻ ልጄ ትርሲት ሩቅ ናት። ስትመጣ እንዳታጣኝ።”

“አታጣዎትም” አልኩ። ይህን ቃል ስሰጥ ምንም አልከበደኝም።

እማማ ወርቅያንጥፉ ዝናቡ ሳያባራ አረፉ። ያልኩትን አደረግሁ። ሊቀ ምስል ራሳቸው ተገኝተው ስለ እኔ ተናገሩ፤ ትጉህ፣ ጠንቃቃና የተወደደ ሠራተኛ ነበር አሉ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማንን እንደሚቀብሩ እያወቁ፣ ምንም ሳይሉ፣ ዝናብ እየወረደባቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። መጀመሪያ ላይ ለራሴ ነበር፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር። የመቃብሩ ዘበኛ ድንጋዩ ላይ በጥቁር ቀለም ስሜን ጻፈ፤ ድንጋይ በከተማችን የፎቶ ሆድ ካለው ውጭ አይጻፍበትም።

ሰኞ ወንበሬ ለአዲሷ ሠራተኛ ተሰጠ። እኔ መሄጃ ስላጣሁ ወደ መቃብሩ መመላለስ ጀመርኩ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ጭቃው ውስጥ መጣች። ስለ እናቷ ምስል ቤት ጠይቃ ነበር። ወርቅያንጥፉ የምትባል ሴት በየትኛውም ሆድ ውስጥ የለችም፣ ኖራም አታውቅም ብለዋታል።

“የሽብሩ መቃብር የት ነው?” አለችኝ። አሳየኋት። ከጎኑ ያለውን ድንጋይ አነበበች።

“ልሳኑ ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች። ከማክሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ የምወጣበትን በር አልተውኩም። ትርሲት አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።

“ቢያምኑ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?” አለችኝ ስጨርስ።

“ስሜ ከፎቶዎቹ ሁሉ ይፋቃል። ሆዳቸው ባዶ ይሆናል።”

“ባዶ ሆድ እንደ አዲስ ይጻፍበታል?”

“ይጻፍበታል።”

“እንግዲያው እናቴ በስሟ ትቀበር ነበር።”

“አዎ” አልኩ። ከዚያች ቃል የሚከብድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ያ ሁሉ ለራሴ የሰጠሁት ምስጋና በዚያች ቃል አለቀ።

እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠችና እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆይታ ተነሳች። “ለአርባዋ እመለሳለሁ” አለችኝ። “ስሟን ማንበብ እፈልጋለሁ።” ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ምስል ቤት ሄጄ አመንኩ። ጮክ ብዬ፣ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት። ሆድ አንባቢው ስሜን ፈለገ፣ አገኘ፣ አነበበ። “ልሳኑ አጥናፉ ሞተዋል” አለ። “ሟች ጥፋቱን ሊያምን አይችልም። የሚቀጥለው።” ሊቀ ምስል ዘንድ ገባሁ፤ ስለ መልካም ሥራዬ ለቤተሰቤ መጽናናትን ተመኙልኝ። ወደ ቀን ጠባቂው ሄድኩ፤ ከእንግዲህ ሰዓት እንደማይቆጠርልኝ ነገረኝ።

ስለዚህ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። ድንጋዩ ላይ ከስሜ በታች ወርቅያንጥፉ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ቁልፍ መጫን እንጂ ብሩሽ መያዝ አያውቅም፤ ፊደሎቹ ተንጋደው ወጡ። በማግስቱ ስመጣ ዘበኛው ነጭ ጋዝ በነከረ ጨርቅ ጠርጎታል። ሥራው ነው፤ አልተጣላሁትም። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሞ ጠረገ። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ እኔ ስጽፍ እሱ ሲጠርግ ከረምን። በመሐል ሰላምታ ጀመርን።

ነገ አርባዋ ነው። ዛሬ ጠዋት ጽፌ ስጨርስ ዘበኛው ባልዲውንና ጨርቁን ይዞ መጣና እንደወትሮው ወዲያው አልጀመረም። ቆመ።

“ቆይ ጋሼ፣ ለመሆኑ ማን ናቸው?” አለኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። ብዙ አይደለም። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ባርኔጣው፣ አላስነጥስ ብሏቸው ስለቆሙት ባለቤታቸው፣ ስለ ማንኮራፋቱ። ዘበኛው ሳቀ። “የኔም ሚስት እንዲሁ ነው የምትለኝ” አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና የሁለቱን መቃብር ተራ በተራ አየ፤ እውነት እያየ ነበር።

ጎንበስ አለና ጨርቁን ነጭ ጋዙ ውስጥ ነከረ። ጨመቀው። ነጩን ጽሑፍ አለፈና የእኔን ስም መጥረግ ጀመረ፤ ጥቁሩ ቀለም ደርቆ ኖሮ አስቸገረው። እኔም ባልዲውን ያዝኩለት።